ጥሪው በቴሌግራም፣ ሰዉ በእድር ቤት፦ ከመንቲና የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 2018፣ መነሻ

እድሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ደንቡ ሁሉ አለው። የሚያንሰው መልእክት የሚደርስበት መንገድ ነው። ጥሩምባ ነፊው የጅማውን መንቲና ሰፈር ሲዞር አዌቱ ወንዝ ማዶ ተከራይቶ የሚኖረው አባል አይሰማም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ሲሠራ የሚውለውም አይሰማም። በዚህ ወር ደግሞ ቡና ለቀማ ገጠር የወረደው ብዙ ነው። በሌላ በኩል የሰፈሩ ወጣቶች የከፈቱት የቴሌግራም ቡድን አለ፤ ቀልዱ፣ ሊንኩና የቤት ኪራይ ማስታወቂያው ስለሚበዛበት ቁም ነገር ቢወጣም ተውጦ ይቀራል። ሥራው ሁለቱን ማገናኘት ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ተቆርጧል። ወደ ስልክ የሚሄደው ጥሪው ብቻ ነው፣ መገናኘቱ አይሄድም። መዋጮ መክፈል፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ደንብ ማጽደቅ በሰው ፊት የሚደረጉ ናቸው። እነዚህ ወደ ስልክ ከገቡ እድሩ የስም እድር ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ፣ የቴሌግራም ማስተካከያውም ቢሆን፣ የተለካው በዚህ ነው፦ ይህ ነገር ሰዉን ከቤቱ ያስወጣዋል ወይስ እቤቱ ያስቀምጠዋል?

በቶሮንቶ ዳርቻ፣ ተመራማሪዎች ኔትቪል የሚል መሸፈኛ ስም በሰጡት ሰፈር፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ፈጣን ኢንተርኔት የገባላቸው ነዋሪዎች በአማካይ 25 ጎረቤት በስም ያውቁ ነበር፣ ያልገባላቸው ደግሞ 8። የሰፈሩ የጋራ ኢሜይል ያገለገለው ለደጅ ግብዣ መጠሪያና ቤቶቹን የሠራውን ድርጅት ባንድ ድምፅ ለመጠየቅ ነበር። ጅማ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ነባሩ ጎረቤት መጀመሪያውኑ ይተዋወቃል። ክፍተቱ ያለው አዲስ ከገባው ተከራይና ከሰፈር ርቆ ከሚውለው ጋር ነው።

ኅዳር፣ መዝገቡ

ከቴሌግራም በፊት ደብተር። ባለ መስመር ትልቅ ደብተር ተገዝቶ ሰባት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሚጠራበት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የስልኩ ዓይነት፣ የሚያነበው ቋንቋ፣ የሚያደርስለት ሰው።

እስከ አያት የተባለው የአባት ስም አልበቃ ስለሚል ነው፤ መሐመድ አሊና አበበ ከበደ በየቀጣናው አሉ። የሚጠራበት ስም የሚያስፈልገው ደግሞ በመዝገብ ስሟ የማትታወቅ እናት ስላለች ነው። «የእገሌ እናት» ካልተባለ መልእክት እንዲያደርስ የተመደበው የቀጣና ተጠሪ ደጇ ቆሞ ይጠፋዋል። በስልኩ ዓይነት ሥር ሦስት ምልክት አለ፦ ስማርት፣ ባለ ቁልፍ፣ የሰው ስልክ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቁጥሩ የልጅ ከሆነና ልጁ አዲስ አበባ ከሆነ መልእክቱ 350 ኪሎ ሜትር ሄዶ ተመልሶ ሊመጣ ነው፣ ያውም ከተመለሰ።

ወሳኙ ዓምድ የመጨረሻው ነው። ባዶ መተው አይፈቀድም። ስማርት ስልክ ላለውም ጭምር ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋ፣ ዳታ ሲያልቅ፣ ስልክ ሲሰረቅ ሁሉም ባለ ስልክ ስልክ የሌለው ይሆናል።

ቀጣና ሲከፋፈል ከ20 እስከ 25 ቤት ለአንድ ተጠሪ ተሰጥቷል። ከ30 ካለፈ ተጠሪው የሩቆቹን መዝለል ይጀምራል። ድንበሩ በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል አይሠመርም፤ ቁጥሩና የእግር መንገዱ አይገጥሙም። ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ቤቶች መካከል ቦይ ካለ ጅማ ውስጥ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ለሚዘንበው ዝናብ ሲባል ሁለት ቀጣና ናቸው ብሎ መያዝ ይሻላል። መስመሩ የተሳለው ጎረቤቶቹ በየትኛው ሱቅ፣ በየትኛው ቦኖ፣ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚገናኙ እየተጠየቀ ነው።

ስልክ ቁጥር ሲወሰድ ለምን እንደሆነ ይነገራል፣ እሺታው ከስሙ ጎን ይፈረማል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዋናው ደብተር ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጣል፤ ተጠሪ የራሱን ቀጣና ብቻ ገልብጦ ይይዛል። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ ክልክል ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ቻናል ወይስ ቡድን

ክርክሩ ረዘም ብሏል። ቡድን ሲሆን ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል፣ ሴቶች ከማያውቁት ሰው በውስጥ መስመር መልእክት ይመጣባቸዋል። ቡድኑን በርዕስ መከፋፈልም ይቻላል፤ ግን ስልክ ለማያዘወትር ሽማግሌ መልእክት ሳይሆን የርዕስ ዝርዝር ነው የሚታየው፣ እዚያው ይቆማል። ቻናል ላይ የሚጽፈው አስተዳዳሪ ብቻ ነው፤ ተከታዮቹም እርስ በርስ አይተያዩም፣ ዝርዝሩን የሚያየው አስተዳዳሪው ነው።

የተወሰነው፦ ለሁሉም አንድ ቻናል፣ ለተጠሪዎችና ለተረኛ ቡድኖች አንድ ትንሽ ቡድን። የወጣቶቹ ቡድን እንዳለ ይቀጥላል፤ መጨዋቻ ያስፈልጋል፣ መጨዋቻውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማድረግ መታገል ግን ሁለቱንም ማጣት ነው።

የቻናል አንድ ጉድለት አስቀድሞ ይታወቅ። ድምፅ መስጫ ሲወጣ ስም አያሳይም፤ «ማን ይመጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚገኘው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም። ለስብሰባ የሚመጣውን የሚቆጥረው ስለዚህ ተጠሪው ነው፣ ቤት ለቤት። ነገሩ ጉድለት ይምሰል እንጂ ለሥራው ተመችቷል፤ ተጠሪው ደጅ የሚያንኳኳበት ምክንያት አገኘ።

ሲከፈት የተደረጉት፦ ቻናሉ የግል ተደርጓል፣ መግባት በአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው። ለእያንዳንዱ የመለጠፊያ ቦታ የተለየ የመግቢያ ሊንክ ተፈጥሮ ስም ተሰጥቶታል፦ «እድር ቤት»፣ «ፋርማሲ በር»፣ «ወፍጮ ቤት»። ቴሌግራም በየሊንኩ የገባውን ለይቶ ስለሚያሳይ የትኛው ወረቀት እንደሚሠራ ሳይገመት ይታወቃል። የመግቢያ ጥያቄ የላከ ሰው የቤት ቁጥሩ ተጠይቆ በተጠሪው ይረጋገጣል። ይህ እስኪሆን በር ላይ ይቆያል።

አስተዳዳሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጸሐፊው፣ ኦሮምኛውን የሚያዘጋጀው አባል፣ አንድ ወጣት። ሦስቱም ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍተዋል። ይህን ለሌላ ቀን ማቆየት አያዋጣም፤ የቻናሉን ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው ለማዛወር ማረጋገጫው ከተከፈተ ቢያንስ ሰባት ቀን ማለፍ አለበት። ባለቤቱ ከከተማ ሊወጣ ቦርሳውን ሸክፎ ሳለ የሚከፈት ነገር አይደለም።

የመልእክቱ ቅርጽ አራት መስመር ነው። ምን እንደሆነ፤ ቀንና ሰዓት፤ ቦታው ከነምልክቱ፤ የሚጠየቀው ሰው። ቦታና ሰዓት የሌለው መልእክት አይወጣም። «መልካም በዓል» እንኳ ከወጣ «ቡናው እገሌ ቀጣና ነው» የሚል ይከተለዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚላከው ያለ ድምፅ ነው፤ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ ሲቆዩ አማራጩ ይመጣል።

ታኅሣሥ፣ ሰዓት

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ሰው የሚበትን ነገር። ስልኩ 2፡00 ሲል ሰፈሩ 8 ሰዓት ይላል። መልእክት በቀጠሮ እንዲወጣ ሲታዘዝ ቴሌግራም የሚጠይቀው የስልኩን ሰዓት ነው፤ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይውጣ» ተብሎ 1፡00 ከተሞላ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይወጣል። በጽሑፉ ውስጥ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ይገባል፣ ቁጥር ብቻውን አይቆምም። በቀጠሮ ሲላክ ደግሞ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ሞልቶ ሌላው ያያል።

ቀኑም እንዲሁ። ዘንድሮ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ነው፤ በ2020 ጃንዋሪ 10 ይሆናል። የዓመቱን የስብሰባ ቀናት በስልክ ካላንደር ሞልቶ «በየዓመቱ ይደገም» ማለት ስለዚህ አያስኬድም።

ለስብሰባ የማይያዙ ሰዓቶች ወረቀት ላይ ተጽፈው እድር ቤት ተለጥፈዋል፦ ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ሐሙስ ገበያ።

ታኅሣሥ፣ ሰሌዳው

ቻናል ቢኖርም ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሰሌዳ ሥር ሁለት ሰው ቆሞ ያወራል፤ ስልክ ሥር አይቆምም። ቦታው የተመረጠው ሰው በሚጠብቅበት ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስላለ ይነበባል፤ አስፋልት ዳር ግን ሁሉም ያልፋል እንጂ አይቆምም።

ስፋቱ 120 በ80 ሴንቲ ሜትር፣ መሐሉ ከመሬት 150 ሴንቲ ሜትር። ቺፑድ አይሆንም፤ በጅማ ርጥበት ጠርዙ አብጦ ሚስማሩን ይተፋል። የተጋዘ ጣውላ፣ በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ በተለይ የጣውላው ጫፍና ጀርባው። ከላይ ወደፊት 30 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ቆርቆሮ። ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ይቀበራሉ። የሚቀበረው ክፍልና ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ያህል ተልጦ፣ ደርቆ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይጠጣል። ካልጠጣ ምስጥ ከታች ጀምሮ ባዶ ያደርገውና ሰሌዳው አንድ ቀን ንፋስ ሲመታው ይወድቃል። እርጥብ ግንድ ዘይት አይቀበልም፤ ማድረቁ ነው ሥራው።

ኪውአር ኮዱ። መጠኑ ከርቀቱ አንድ አሥረኛ ይሁን፦ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንዲያነሳው 10 ሴንቲ ሜትር፣ በእጅ ለሚያዝ ካርድ 3 ሴንቲ ሜትር። ኮዱ ሲሠራ የስህተት መቋቋሚያው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደረግ፤ ሲሦው ገደማ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። በፈሳሽ ቀለም ማተሚያ የወጣ ወረቀት በአንድ ዝናብ ይሟሟል፣ በሌዘር ይታተምና ላሚኔት ይደረግ። ላሚኔቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሚያንጸባርቅ በትንሹ ወደ ታች አዘንብሎ ይቸነከራል። ሊንኩ ከተሰረዘ ደግሞ የተለጠፈው ሁሉ የሞተ ወረቀት ነው። ሊንክ የሚሰርዘው ማን እንደሆነ ተወስኗል፣ ከመሰረዙ በፊት ወረቀቱ ከግድግዳ ይነሳል።

ከኮዱ ሥር የቀጣና ተጠሪው ስምና «ስልክ የሌለህ፣ እሱን ጠይቅ» የሚል በትልቁ አለ። በአማርኛና በኦሮምኛ።

ጥር፣ ባለ ቁልፍ ስልክ

ለዚህ አጭር መልእክት ነው፣ የሚላከውም ከተጠሪው ስልክ። አንዱ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ ፊደላችን ግን በዚያ ኮድ ውስጥ ስለሌለ መልእክቱ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይዞርና 70 ብቻ ይይዛል። ከ70 ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል፣ ሒሳቡም የሁለት ነው።

70 ለአማርኛ አያንስም። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ብዙ ይጫናል፦

«እሑድ ጥር 17 ከቀኑ 8 ሰዓት እድር ቤት ስብሰባ። ያልቻለ ለተጠሪው ይንገር።»

ይህ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 49 ነው። ኦሮምኛው በቁቤ ሲጻፍ አናባቢው ስለሚደጋገም ይረዝማል፣ ግን 160 አለው። ችግሩ ሁለቱን በአንድ መልእክት ሲያደርጉ ነው። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባች ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል፣ ቁቤውም አብሮ። ለየብቻ ይላካሉ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የቁቤው ጭረት ስልኩ ራሱ አሳምሮ ጠመዝማዛ ካደረገው እሱም ከ160ው ውጪ ነው፤ ቀጥ ያለው ይመረጥ።

አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልክ አማርኛ ሲመጣለት ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያል። መዝገቡ ላይ ምልክት ተደርጎ ለእነዚህ በእግር ይደረሳል። «እማማ፣ ዛሬ የወጣውን ልንገርዎ» ብሎ የሚገባ ልጅ ለመልእክቱ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ጉንፋን ይዟቸው እንደሆነ፣ ውሃ የሚቀዳላቸው መኖር አለመኖሩንም አይቶ ይወጣል። ያየውን ለተጠሪው ይነግራል። ይህን ስልክ አይሠራውም።

ማንበብ ለማይሆንላቸው ስማርት ስልክ ላላቸው ደግሞ የድምፅ መልእክት። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ፣ መጀመሪያ ላይ ቀንና ቦታው ይነገር። ሰላምታው በረዘመ ቁጥር የሚሰማው ያንሳል፤ እኛ ዘንድ ሰላምታ ማሳጠር ከባድ መሆኑ ይታወቃል፣ ግን ይታጠር።

ጥር፣ መርዶ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጥንቃቄ የጠየቀው ይህ ነው። ጥሩምባ ሰፈር ውስጥ ይቀራል። ቴሌግራም አይቀርም፤ ዱባይ ያለችው ልጅ ከሰፈሩ ሰው እኩል ታነባለች። አባቷ ማረፉን ብቻዋን፣ ሥራ ቦታ፣ ከስልክ ላይ ልታነብ ነው ማለት ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል፦ የቅርብ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በሚደግፋት ሰው መሐል። ቻናሉ ይህን በአንድ መጫን ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ ጥሪውና መርዶው ተለያይተዋል።

አንደኛው መልእክት ወደ ተረኛ ቡድን ነው፣ ስም የለበትም፣ ቤትም የለበትም፦ «ተረኛ 3፣ አሁን እድር ቤት።» ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በዚህ ይወጣል። የማን ቤት እንደሆነ እዚያ ሲደርሱ በቃል ይነገራል።

በዚሁ ጊዜ የቀጣናው ተጠሪ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስልክ አይደውልም። ለቤተሰቡ ትልቅ ሰው አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «መርዶ ያልደረሰው ማን አለ?» ካለ፣ ማን እንደሚነግረውና መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱን ለጸሐፊው የሚያስተላልፈው በድምፅ ደውሎ ነው፤ የተጻፈ ነገር ይገለበጣል። «ተነግሯል» እስኪባል ድረስ ቻናሉ ላይ ምንም አይወጣም፤ ሰፈሩ በጥሩምባና በእግር ይጠራል።

የሙስሊም ቤተሰብ ሲሆን ጊዜው አጭር ነው። ጀናዛ አይቆይም፣ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ይቀበራል፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ሊቀድም ይችላል። ጥያቄው ያው ነው፣ ግን ተጠሪው ይዞት የሚሄደው ሁለት ነገር ነው፦ መርዶ ያልደረሰው ማን አለ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና የት ነው። መልሱ እንደተገኘ ወዲያው ይወጣል።

የሚወጣው ጽሑፍ ስም፣ የቀብር ቦታና ሰዓት፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። የሞቱ ምክንያት አይጻፍም። ፎቶ ቤተሰቡ በራሱ ፈቃድ ካልሰጠ ከፌስቡክ ተነስቶ አይለጠፍም።

ቴሌግራም ማስተላለፍን የሚከለክል ማስተካከያ አለው። አልተከፈተም። ርቆ ላለ ዘመድ ማስተላለፍ ተገቢ ነው፣ የመርዶው ጥንቃቄም የሚጠበቀው ቀድሞ ባለመጻፍ እንጂ ከተጻፈ በኋላ በመከልከል አይደለም። ከቻናሉ ውጪ ሻማ የበራበት ፎቶ ቀድሞ የሚለጥፍ ጎረምሳ ይኖራል፤ ለእሱ ማስተካከያ የለም፣ ያለው የተጠሪው አንደበት ነው። ድንኳን ሲተከል እዚያው ለወጣቶቹ ይነገራቸዋል።

ቀብር ላይ ስም መጥራቱ በደብተር እንደነበረ ነው። በስልክ «ነፍስ ይማር» ብሎ የጻፈ ከቅጣት አይድንም። ይህ ሲነገር የተከፋ ነበር፤ ይሁን።

የካቲት፣ መዋጮ

ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ስማርት ስልክ ለሌለውም በ*127# ይሠራል። ወርሃዊ መዋጮ በዚያ ይሁን የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው። ሐሳቡ ግን ግማሹ ብቻ ተወስዷል።

መዋጮ የሚከፈልበት ወረፋ የሰፈሩ ወሬ የሚዞርበት ነው። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ አገኘ፣ የማን ግድግዳ በዝናብ ፈረሰ፣ ሁሉ የሚሰማው ገንዘብ ያዡ ደብተር ላይ ማኅተም እስኪመታ በሚቆምበት ጊዜ ነው። ክፍያው ስልክ ላይ ከሄደ ወረፋው ይጠፋል፣ ከወረፋው ጋር ስብሰባው፣ ከስብሰባው ጋር ለቅሶ ላይ የሚገኘው ሰው። በቴሌብር የሚከፍለው ከከተማ የወጣ፣ የታመመና አራስ ብቻ ነው። ሌላው በእጁ፣ በአካል።

በስልክ ለሚከፍሉት የሚታመነው የደረሰኝ ፎቶ አይደለም። ፎቶ በሐሰት ይሠራል። ገንዘብ ያዡ የግብይት ቁጥሩን ከራሱ ስልክ መግለጫ ጋር አመሳክሮ ካገኘው ብቻ ይመዘግባል።

የካቲት፣ ሁለት ጾም

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሰኞ ገባ፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። በየቀጣናው የታሰበው የቡና ስብሰባ በዚህ ወር ቡና የለውም። ጀበና ጥዶ ግማሹን ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያይ ማድረግ ነውር ነው። ስብሰባው ጠዋት 4 ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ያለ ቡናና ያለ ቆሎ ሆኗል። ከበዓሎቹ በኋላ ይመለሳል።

ለሚመለስበት ጊዜ ልኩ ይህ ነው። በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቤት፣ ሁለት ጀበና፤ በአንድ ጀበና ከሆነ በረካ ላይ የሚደርሰው ውሃ ነው። ተራው በቀጣናው ይዞራል፣ ግን ማንም እንዲደግስ አይጠየቅም፤ ዳቦም ፈንዲሻም ከተጀመረ ቀጣዩ ባለ ተራ እንዳያንስ ሲል ይሰጋል፣ ከዚያ ተራውን ይሸሻል። አዲስ ተከራይ ካለ አቦል ሲቀዳ ተጠሪው ያስተዋውቀዋል፦ ስሙን፣ የየት ቤት ተከራይ እንደሆነ፣ ሥራውን። ስልክ ቁጥር መለዋወጥ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ መጀመሪያ ቻናል ገብቶ ፊቱ የማይታወቅ ሰው ይበዛል።

የካቲት፣ የስልክ ቀን

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እድር ቤት፣ ወጣቶቹ ተደርድረው። ለአንድ ሰው የሚደረገው ይህ ነው፦ የጽሑፉን መጠን ማሳደግ፤ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት፣ የዳታው ፓኬጅ የሚያልቀው በዚህ ነው፤ የእድሩን ቻናል ከላይ መሰካት፤ የሌሎች ቡድኖችን ድምፅ ማጥፋት፤ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ በግላዊነት ማስተካከያው መደበቅ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መክፈት።

የመጨረሻው ላይ ወጣቶቹ ይቸኩላሉ። የይለፍ ቃሉን ልጁ ራሱ ፈጥሮ ራሱ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ ሽማግሌው ስልክ ሲቀይሩ በሩ ይዘጋባቸዋል። ባለቤቱ ይምረጥ፣ በራሱ እጅ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ወረቀቱ ከእድር ደብተሩ ጋር ቤት ይቀመጥ። «ጋሼ፣ እኔ አላይም፣ እርስዎ ይጻፉ» ብሎ ፊትን ማዞር።

የሚሰጠው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ስለ ኮድ ነው። «ተሳስቼ ኮድ ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል መልእክት ከሚታወቅ ሰው ስም ይመጣል፤ ኮዱ ከተሰጠ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም ካልተከፈተ፣ ቴሌግራሙ ሄደ። ከዚያ በተሰረቀው ስም ብር ይለመናል። የሰፈሩ ደንብ፦ በጽሑፍ ብር የጠየቀ ሰው ቤቱ ይኬዳል። ሩቅ ከሆነ ድምፁ ይሰማል። ቻናሉ ራሱ ብር እንዲላክ በፍጹም አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ተሰርቋል ማለት ነው፣ ጥሩምባ ይነፋ።

መጋቢት፣ የሚለካው

ቻናሉ ላይ ከመልእክቱ ሥር ያለው የዐይን ምልክት ቁጥር ደስ ያሰኛል፣ ግን አይለካበትም። ወደ ሌላ ቦታ ተላልፎ የታየውንም ይቆጥራል፣ ማን እንዳየውም አይናገርም።

የሚለካው ቅጣት በሚሰማበት ቀን ነው። ከቀብር ወይም ከስብሰባ የቀረ አባል ቀርቦ ምክንያቱን ይናገራል። «አልሰማሁም» ያለ ሁሉ ከነቀጣናው፣ ከነስልኩ ዓይነት ይመዘገባል። አንዳንዱ ለማምለጥ ይለዋል፤ ቢሆንም ከአንድ ቀጣና ተደጋግሞ ሲመጣ የሚናገረው አለው። ስማርት ስልክ ይዞ «አልሰማሁም» የሚል ከበዛ መልእክቱ ረዝሟል ወይም ሰዓቱ ልክ አይደለም። ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው ከበዛ ተጠሪው አልዞረም፤ እሱን ከመውቀስ በፊት የቀጣናው ስፋት ይታይ።

እስካሁን «አልሰማሁም» በዝቶበት የጠቆረው ገጽ በወንዙ በኩል ያለው ቀጣና ነው። ተጠሪው ትጉህ ነው፣ ስልኩም ይሠራል። ቀጣናውን ለሁለት የሚከፍለው ቦይ ላይ የነበረው የእንጨት መሻገሪያ ተነስቷል፣ ዙሪያውን ለመሄድ ረጅም ነው። ዝናቡ ሳይበረታ ቦይ ማዶ ያሉት ቤቶች በወዲያ በኩል ላለው ተጠሪ ይተላለፋሉ፣ መሻገሪያው እስኪሠራ ድረስ። ለመሻገሪያው ሁለት ግንድና አምስት ጣውላ ይበቃል፤ ጥሪው በቻናሉ የሚወጣው ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ መጥረቢያና መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ።